ተሸንፎ ስለ ማሸነፍ

(የሰፈራችን መረዳጃ ማኅበር ጸሐፊ በወርኃዊው ስብሰባ ላይ ያደረጉት ንግግር። ለቅሶም ሆነ ሥራ ይዟቸው ያልተገኙ አባሎች እንዲያነቡት በማስታወቂያ ሰሌዳችን ተለጥፏል። ዓመተ ምሕረቱ ሁሉ በእኛ አቆጣጠር ነው።)

ክቡራን የሰፈራችን ሽማግሌዎች፣ እናቶች፣ ወንድሞችና እኅቶች፤ እናንተም ከበር የቆማችሁ ልጆች፤

ሰብሳቢያችን ጋሸ «አሥር ደቂቃ ይበቃሃል» ብለውኛል። ካለፈ ይቆጡኝ። እኔ ንግግር አዋቂ አይደለሁም፤ ትምህርቴም ስድስተኛ ክፍል ላይ የቆመ መሆኑን ታውቃላችሁ። ሥራየ ቃለ ጉባኤ መያዝ፣ መዋጮ መመዝገብ፣ ደረሰኝ መቁረጥ ነው። ዛሬ ግን የተነሣሁት በገዛ እጄ የጻፍኩትን ቃለ ጉባኤ ለመቃወም ነው። ጸሐፊ የራሱን ጽሑፍ ሲቃወም አይታችሁ ላታውቁ ትችላላችሁ። እኔም አላየሁም።

ጉዳዩ የኳስ ጉዳይ ነው። ይሳቅ፣ ግድ የለም።

እንደምታስታውሱት የሰፈራችን ልጆች ከሁለት ወር በፊት ከታችኛው ሰፈር ልጆች ጋር ገጥመው 5 ለ 0 ተሸነፉ። በራሳችን ሜዳ፣ በራሳችን ሕዝብ ፊት ማለት ነው። ከዚያ በኋላ በነበረው ስብሰባ ብዙ ተባለ። የወደቀ ግንድ ምሳር ይበዛበታል አይደል። አንዱ «ጫማ ጨረሱ» አለ፤ አንዱ «ከብት ጥበቃ ረሱ» አለ፤ አንዷ እናት ደግሞ «ልጄ ተሸንፎ መጥቶ ራቱን ትቶ ተኛ፤ ይኸ ምን ይጠቅማል?» አሉ። የእሳቸው እውነት ነበረ። በመጨረሻም ሁለት ነገር ተወሰነ። አንደኛ፣ ከማኅበሩ ሣጥን ለኳስ መግዣ የሚሰጠው ገንዘብ እንዲቆም፤ ሁለተኛ፣ ሜዳው ታጥሮ ለሣር እንዲከለልና ሣሩ ተሽጦ ለማኅበሩ ገቢ እንዲሆን። ይህን የጻፍኩ እኔ ነኝ። እጅ ካወጡትም አንዱ እኔ ነኝ። ገንዘቡ ወዲያው ቆመ፤ አጥሩ ግን እንጨት እስኪገኝ ተብሎ እስከ ዛሬ አልተጀመረም።

ያለፈው እሑድ ያንኑ ቡድን እነዚያው ልጆች ገጠሙት። ከእኛ ሳንቲም ሳያገኙ፣ ሦስት ጊዜ በተሰፋ ኳስ፣ ግማሾቹ በባዶ እግር። 2 ለ 1 አሸነፉ። እልልታው እስከ ቤተ ክርስቲያኑ ድረስ ተሰምቷል። እኔም ጮኸሃል ተብየ ተከስሻለሁ፤ ክሱን አምናለሁ።

ከዚያ ወዲህ ግን በሰፈራችን ሁለት ዓይነት ወሬ አለ። ልጆቹ «አሁን ማንንም እንችላለን» ይላሉ። ትልልቆቹ «አንድ ቀን ዕድል ቀናቸው እንጅ ምን አላቸው» ይላሉ። እኔ ከሁለቱም አልስማማም። ለምን እንደማልስማማ ለመናገር ግን ከዚህ ቀደም ለማንም ያልነገርኩትን አንድ ነገር መናገር አለብኝ።

አንድ ደብተር አለኝ። የማኅበሩ አይደለም፤ የራሴ ነው። ብሔራዊ ቡድናችን የተጫወተውን ውጤትና ቀኑን እጽፍበታለሁ። ባለቤቴ «የዕዳ መዝገብ» ትለዋለች፤ ሽንፈቱ ስለሚበዛ ነው። በዚያ ደብተር ላይ ኅዳር 2012 የሚለው ገጽ ጥግ ላይ የተሠረዘ መስመር አለ። የምነግራችሁ ስለዚያ ስርዝ ነው።

በዚያ ዓመት ዋልያዎቹ ለአፍሪካ ዋንጫ ማጣሪያ ከኮትዲቯር፣ ከማዳጋስካርና ከኒጀር ጋር ተመደቡ። አሠልጣኙ አብርሃም መብራቱ ነበሩ። የመጀመሪያው ጨዋታ ኅዳር 6 ቀን ቅዳሜ ማዳጋስካር ላይ ሆነ፤ 1 ለ 0 ተሸነፍን። ማዳጋስካር ማለት ከጥቂት ወራት በፊት ለመጀመሪያ ጊዜ አፍሪካ ዋንጫ ገብታ፣ ናይጄሪያን ሳይቀር አሸንፋ ሩብ ፍጻሜ የደረሰች አገር ናት። በእሷ አገር በአንድ ጎል መሸነፍ ነውር አልነበረም። እኔ ግን ያን ማታ እንዲህ አላሰብኩም። ቀጣዩ ጨዋታ በሦስተኛው ቀን፣ ማክሰኞ፣ ባሕር ዳር ላይ ከኮትዲቯር ጋር ነው። ኮትዲቯር በ1984ና በ2007 የአፍሪካን ዋንጫ የወሰደች፣ ልጆቿ በአውሮፓ ትልልቅ ክለቦች የሚጫወቱ አገር ናት። ማዳጋስካርን ያልቻለ ቡድን ኮትዲቯርን ይችላል? በደብተሬ ላይ አስቀድሜ ጻፍኩ። «ኅዳር 9፤ ኢትዮጵያ 0 ኮትዲቯር 4»። ጨዋታው ሳይጀመር።

እሑድ ጧት ታላቁ ልጄ መጣ። ያኔ አሥራ ሰባት ዓመቱ ነው። «አባየ፣ ጓደኞቼ ባሕር ዳር ሊሄዱ ነው። መኪና ተነጋግረዋል። ብሔራዊ ቡድን በክልላችን ሲጫወት በዓይኔ ልየው፤ የመሳፈሪያ ስጠኝ» አለኝ። ከወገዳ ባሕር ዳር መሄድ ቀልድ እንዳልሆነ ታውቃላችሁ፤ ደብረ ታቦር ወጥቶ፣ ወረታ ወርዶ፣ ደርሶ አድሮ መመለስ ነው። ገንዘቡ ግን ነበረኝ። በሬ አልሸጥም፣ እህል አላወጣም፤ ኪሴ ውስጥ ነበረ። «ለመሸነፍ ይህን ያህል መንገድ አይኬድም» አልኩት። እንዲህ ነው ያልኩት፣ ቃል በቃል። ልጁ አልመለሰልኝም። ወጥቶ ሄደ።

ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ አጨዳ ላይ ነን። ጤፉ ደርሶ ሊረግፍ ነው፤ ልጁም ከትምህርት ቤት ተመልሶ ማጭድ ይዟል። ትንሿን ራዲዮ ከግራር ላይ ሰቅያታለሁ፤ አንቴናዋ ተሰብሮ በሽቦ የተቀጠለ ነው። እንዳልፈልግ ሆኜ እኮ ነው የሰቀልኳት። ጨዋታው ተጀመረ፤ ገና አንድ እፍኝ ሳናጭድ ኮትዲቯር አገባች። በመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች ነው። እኔ «አላልኩህም?» አልኩና ተነሥቼ ራዲዮኑን ዘጋሁት።

ይኸን ስናገር አሁንም ያሳፍረኛል። ደስ ብሎኝ ነበረ የዘጋሁት። ወገኔ ሲሸነፍ እኔ ትክክል በመሆኔ ደስ አለኝ። ልጁ ጎንበስ ብሎ ማጨዱን ቀጠለ። ማጭዱ ብቻ ነው የሚሰማ።

ጥቂት ቆይቶ ከማዶ ካለው ማሳ ጩኸት መጣ። «ገባ! ገባ!» ይላሉ። እኔ ለእነሱ ሁለተኛ ጎል የገባ መስሎኝ «ገና ሁለት ይቀራል» አልኩ። ልጁ ግን ቀና አለና ወደ ማዶ «ማን ላይ?» ብሎ ተጣራ። መልሱን ንፋስ ወሰደው። ዝም ብለን እንደገና አጨድን። ትንሽ ቆየና ሁለተኛ ጩኸት መጣ፤ ይኸኛው ጩኸት ብቻ አልነበረም፣ እልልታ ነበረበት። በሽንፈት እልል የሚል የስማዳ ሰው የለም። ልጁ ማጭዱን ጣለና ሮጦ ራዲዮኑን ከፈተው። 2 ለ 1 እየመራን ነው። አንዱን ያገባው ያኔ የፋሲል ከነማ የነበረው ሱራፌል ዳኛቸው ነው፤ ሁለተኛውን ያገባው ደግሞ ሽመልስ በቀለ ነው። ሁለቱንም ጎል አልሰማሁም። ደጋፊ ነኝ እያልኩ፣ በሕይወቴ ካየሁት የቡድናችን ድል ሁሉ ትልቁ ሲሆን ራዲዮኑን ዘግቼ ጤፍ አጭድ ነበር።

ጨዋታው እስኪያልቅ አንድ ነዶ አልታሰረም። በዚያው 2 ለ 1 አለቀ። ዳኛው ፊሽካ ሲነፋ ልጁ አላቀፈኝም። «እዚያ እሆን ነበር» ብቻ አለኝ። አልቆጣም፤ ቢቆጣ ይሻለኝ ነበር።

ማታ ደብተሩን አውጥቼ «0 ለ 4» የሚለውን ሠረዝኩ። ስርዙ ይኸ ነው።

ልጁ ዛሬ የራሱ ቤት አለው። ባሕር ዳርም ብዙ ጊዜ ሄዷል። ያን ቀን ግን መልሼ ልሰጠው አልችልም። ገንዘብ ቢሆን እከፍለው ነበር።

ወደ ኳሱ ልመለስ። እነዚያ ሦስት ነጥቦች ያኔ ምን ያህል እንደሚያወጡ ማንም አላወቀም ነበረ። በ2013 ኅዳር ላይ ደግሞ ኒጀር ሄደን 1 ለ 0 ተሸነፍን፤ በአራተኛው ቀን አዲስ አበባ ላይ ያንኑ ኒጀርን 3 ለ 0 አሸነፍን። እንደገና ወድቆ መነሣት። አሠልጣኙ ያን ጊዜ ውበቱ አባተ ሆነዋል። መጋቢት 15 ቀን ማዳጋስካር ባሕር ዳር መጣች፤ 4 ለ 0። አማኑኤል ገብረሚካኤል፣ ጌታነህ ከበደ፣ አቡበከር ናስርና ሽመልስ በቀለ አገቡ። ከስድስት ቀን በኋላ አቢጃን ላይ በኮትዲቯር 3 ለ 1 እየተመራን ሳለ ዳኛው ታመው ወደቁና ጨዋታው ሳያልቅ ቆመ። እንዲህ ያለ ነገር ሰምታችሁ ታውቃላችሁ? እኛ ያለፍነው በዚያ ጨዋታ አይደለም። ማዳጋስካር በዚያው ቀን በገዛ አገሯ ኒጀርን ማሸነፍ አቅቷት 0 ለ 0 ስለ ወጣች ነው። ብታሸንፍ ኖሮ እሷ ነበረች የምታልፈው። እንግዲህ አስቡት፤ ከምድቡ ያለፍነው በሦስት ድል፣ በዘጠኝ ነጥብ ነው። ከዘጠኙ ሦስቱ እኔ ራዲዮ በዘጋሁበት ቀን የተገኙት ናቸው።

አንድ ሰው «ይኸ የአንድ ጊዜ ነገር ነው» ሊለኝ ይችላል። ደብተሬ ግን አይልም።

በ2004 ጳጉሜን ቡድናችን ሱዳን ሄዶ 5 ለ 3 ተሸነፈ። አምስት ጎል! በዚህ በእኛ ሰፈር ልጆች ላይ የተቆጠረውን ያህል ማለት ነው። የዚያን ጊዜ አሠልጣኙ ሰውነት ቢሻው ነበሩ። አገራችን ከ1974 ጀምሮ የአፍሪካን ዋንጫ በዓይኗ አይታ አታውቅም፤ 31 ዓመት። ሰው ሁሉ «በቃ፣ ዘንድሮም ቀረ» አለ። ነገር ግን አንዳንድ አስተዋይ ሰዎች ሌላ ሒሳብ ይዘው ነበር። በሰው ሜዳ የገባው ሦስት ጎል ከባድ ነው፤ በድምር እኩል ከተወጣ በሰው ሜዳ ብዙ ያገባ ያልፋል። ስለዚህ አዲስ አበባ ላይ 2 ለ 0 ማሸነፍ ይበቃል። ጥቅምት 4 ቀን 2005 እሑድ ነበረ። እረፍት ድረስ ምንም የለም። ከእረፍት በኋላ አዳነ ግርማ አገባ፤ ከዚያ ሳላዲን ሰዒድ ደገመ። 2 ለ 0። በድምር 5 ለ 5፤ አለፍን። ያን ዕለት እኔ የነበርኩት እዚሁ ከተማ ሻይ ቤት ውስጥ ነው፤ ሰው ብዙ ስለ ነበረ ጣራው ላይ የወጡ ነበሩ። ባለ ሻይ ቤቷ እትየ ስንት ብርጭቆ እንደ ተሰበረባቸው አልረሳም፤ ሒሳብ ግን አልጠየቁም።

ደቡብ አፍሪካ ላይ የመጀመሪያው ጨዋታ ጥር 13 ቀን 2005 ከዛምቢያ ጋር ነበረ፤ ዛምቢያ የዋንጫው ባለቤት ነበረች። ፍጹም ቅጣት ምት ሳትን፣ ግብ ጠባቂያችን ጀማል ጣሰው በቀይ ካርድ ወጣ፣ በአሥር ሰው ቀረን፤ አዳነ አገባና 1 ለ 1 ወጣን። ደብተሬን ሳገላብጥ ያገኘሁትን አንድ ነገር ልንገራችሁ። በ1954 አዲስ አበባ ላይ የአፍሪካን ዋንጫ የወሰድንበት ቀንም ጥር 13 ነው! በሃምሳ አንድ ዓመቱ፣ በዚያው ቀን። የጥንቆላ ነገር አይደለም፤ እንዲያው ገርሞኝ ነው።

የ1954ቱን ዋንጫ ስሙን ታውቃላችሁ፤ እንዴት እንደ ተገኘ ግን ልጆቹ ላያውቁ ይችላሉ። ፍጻሜው ከግብፅ ጋር ነበረ፤ ያኔ የተባበረችው ዓረብ ሪፐብሊክ ትባል ነበር። መጀመሪያ ያገቡት እነሱ ናቸው። ግርማ ተክሌ አቻ አደረገ። ገና ደስታው ሳያልቅ እነሱ እንደገና አገቡ። ጨዋታው ሊያልቅ ጥቂት ሲቀረው አምበሉ ሉቺያኖ ቫሳሎ አገባና እኩል ሆነ። በተጨማሪ ሰዓት ወንድሙ ኢታሎ ቫሳሎ፣ ከዚያም መንግሥቱ ወርቁ ጨመሩ፤ 4 ለ 2። እስከ ዛሬ ያለን የአፍሪካ ዋንጫ ይኸው አንድ ብቻ ነው፤ እሱም ሁለት ጊዜ ተመርተን ያገኘነው ነው። ያን ቀን አንድ ሰው ከስታዲየሙ በ2 ለ 1 ተናዶ ወጥቶ ሄዶ ከሆነ፣ ዕድሜ ልኩን ለልጅ ልጁ ምን ብሎ እንደ ነገረ አላውቅም። እኔ ግን አውቀዋለሁ ልበል?

ስለ ኮትዲቯርም ሳልናገር አላልፍም፤ ምክንያቱም ያችው እኛ ያሸነፍናት አገር ናት። በ2016 የአፍሪካን ዋንጫ አስተናገደች። በገዛ ሜዳዋ በናይጄሪያ 1 ለ 0፣ ከዚያ በጥር 13 (ይኸው ደግሞ ጥር 13) በኢኳቶሪያል ጊኒ 4 ለ 0 ተሸነፈች። ሕዝቡ አለቀሰ፤ አሠልጣኙም ተነሡ። ከምድብ ያለፈችው ሞሮኮ ዛምቢያን ስላሸነፈችላት በመጨረሻው ቀዳዳ ነው። ከዚያ ምክትሉ ኤመርስ ፋዬ ቡድኑን ያዙ። የዋንጫውን ባለቤት ሴኔጋልን በፍጹም ቅጣት ምት፣ ማሊን በአሥር ሰው፣ ኮንጎን 1 ለ 0 አሸነፈች። የካቲት 3 ቀን በፍጻሜው ያችኑ ናይጄሪያን 2 ለ 1 አሸንፋ ዋንጫውን ወሰደች። የመጨረሻዋን ጎል ያገባው ሴባስቲያን ሃለር ነው፤ ከዚያ በፊት ነቀርሳ ይዞት ታክሞ የዳነ ልጅ ነው። በዚያው ምድብ ጨዋታ ማግስት የኮትዲቯር የሰፈር ማኅበሮች ተሰብስበው «ለኳስ የሚወጣ ገንዘብ ይቁም» ብለው ወስነው እንደሆነ አላውቅም። የእኛን ዓይነት ጸሐፊ ካላቸው ወስነው ይሆናል።

እንዲህ ስል ልጆቹ ደስ ብሏቸዋል፤ አያለሁ። አሁን ደግሞ ለእናንተ ነው የምናገረው።

ተነሥቶ ማሸነፍ ማለት ከእንግዲህ አትሸነፉም ማለት አይደለም። ደቡብ አፍሪካ ላይ ከዛምቢያ ጋር 1 ለ 1 ከወጣን በኋላ ምን ሆነ? በቡርኪና ፋሶ 4 ለ 0፣ በናይጄሪያ 2 ለ 0፤ ተመለስን። በ2014 ካሜሩን ላይስ? በኬፕ ቨርዴ 1 ለ 0፣ በካሜሩን 4 ለ 1፣ ከቡርኪና ፋሶ ጋር 1 ለ 1፤ ተመለስን። «ማንንም እንችላለን» የሚለውን ወሬ ተዉት። የታችኛው ሰፈር ልጆች እኮ አልሞቱም፤ እነሱም ቤታቸው ገብተው እየተናደዱ ነው። በሚቀጥለው እሑድ ሊያሸንፏችሁ ይችላሉ። ያን ጊዜ ኳሱን አንሥታችሁ ወደ ገደል እንዳትወረውሩ፤ ኳሱ የማኅበሩ ነው። ይቅርታ፣ ነበረ።

አሁን ወደ ሜዳው ጉዳይ። ከሁሉ የሚያሳስበኝ እሱ ነው፤ ጋሸ ሰዓት እያዩ ስለሆነ ቶሎ እላለሁ።

ባሕር ዳር ላይ ኮትዲቯርን አሸነፍን፣ ማዳጋስካርን አሸነፍን፣ ጳጉሜን 2 ቀን 2013 ዚምባብዌን በጭማሪ ደቂቃ አስራት ቱንጆ በመታው ፍጹም ቅጣት ምት አሸነፍን፤ እሱም ከጋና ሽንፈት በኋላ ነበረ። በመስከረም 2014 ግን ደቡብ አፍሪካ እዚያው ባሕር ዳር 3 ለ 1 አሸነፈችን፤ ከዚያ የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን ስታዲየሙ የሚፈለገውን አያሟላም አለ። በአገሩ ሌላ የተፈቀደ ሜዳ አልተገኘም። ጋናን ያስተናገድነው ደቡብ አፍሪካ ሄደን ነው። እንግዳን ለመቀበል የሰው ቤት መለመን ማለት እኮ ነው። በሰኔ 2014 ደግሞ ግብፅን የተቀበልናት ማላዊ፣ ሊሎንግዌ ላይ ነው። ከዚያ ቀደም ብሎ፣ ግንቦት 28 ቀን፣ በዚያው ከተማ ማላዊ 2 ለ 1 አሸንፋናለች። በአራተኛው ቀን ሰኔ 2 ግብፅን 2 ለ 0 አሸነፍናት፤ ዳዋ ሁጤሳና ሽመልስ በቀለ አገቡ። ግብፅን! ለ1954ቱ ሽማግሌዎች ቢነገር የሚያስለቅስ ድል ነው። ነገር ግን ማን አየው? በስታዲየሙ የነበረው የእኛ ሰው እፍኝ አይሞላም። ከወገዳ አይደለም፣ ከአዲስ አበባም የሄደ ስንት ይሆናል? እልል የሚል በሌለበት አሸነፍን። ሰባት ዓመት አልሆነውም፤ ባሕር ዳር ቢሆን ኖሮ ከስማዳም፣ ከጋይንትም፣ ከእስቴም መኪና ይሞላ ነበር። እኔም ለልጄ የመሳፈሪያውን እሰጠው ነበር። በኋላም ለጨዋታ ሞሮኮ ድረስ የተሄደበት ጊዜ አለ። ከዚያ የግብፅ ድል በኋላ ጊኒ ሁለት ጊዜ አሸነፈችንና ኮትዲቯር ወደ ተዘጋጀው ዋንጫ ሳንገባ ቀረን። ሜዳ ቢኖረን እናልፍ ነበር ብየ አልምልም። ግን ሜዳ ያለው ሰው በሜዳው ይሸነፋል፣ በሜዳው ይነሣል። ሜዳ የሌለው በሰው ደጅ ነው የሚወድቅ።

እኛ ደግሞ ያለንን ሜዳ በገዛ እጃችን አጥረን ሣር ልናበቅልበት ነው።

ሣሩ ገቢ እንዳለው አልክድም። ሒሳቡን የምይዝ እኔ ነኝ። ባለፈው ዓመት ሁለት ለቅሶ በተከታታይ ወጥቶ ሣጥኑ ባዶ የቀረበት ጊዜ እንደነበረ፣ እትየም እዚህ ቁጭ ብለው «ድንኳኑ ተቀዷል» እንዳሉ አስታውሳለሁ። ድንኳኑ ዛሬም ተቀዷል። ድንኳን ይቅደም ቢባል እኔም እጄን አወጣለሁ። ነገር ግን ሜዳው ካልታጠረ ሣር የሚገኝበት ሌላ ቦታ አለ፤ ከወንዙ በላይ ያለው ተዳፋት ማንም የማይጠቀምበት ነው፤ እሱ ይከለል። ልጆቹ ራሳቸው ያጥሩታል፤ ጠይቄያቸዋለሁ፣ እሺ ብለዋል። ሁለት እጥፍ ሥራ ነው፤ እንጨቱን ከሩቅ መሸከም አለባቸው። «እንሸከማለን» ብለዋል። እሑድ ያሸነፉ ልጆች ስለሆኑ አሁን ያልሆነ ነገር ብትጠይቋቸውም እሺ ይላሉ፤ ስለዚህ በዚህ ሳምንት እናስጀምራቸው፤ ሲሸነፉ እንጨቱ ይከብዳቸዋል።

ስለ ገንዘቡ፦ ሁሉም ይመለስ አልልም። ኳስ አንድ ይበቃል። የተሰፋችው ለልምምድ ትሁን። ጫማ የየቤቱ ጉዳይ ነው። ያቺ «ልጄ ራቱን ትቶ ተኛ» ያሉት እናታችን ዛሬም እዚህ አሉ። ልጃቸው እሑድ ሁለተኛዋን ጎል ያገባው ነው። ያን ማታ ምን ያህል እንደበላ እሳቸው ይንገሩን። አያስቁኝ እማማ፤ ቃለ ጉባኤ ላይ አልጽፈውም።

ከዚህ በፊት «ይቁም» ብየ እጅ አውጥቻለሁ። በዚህ ስብሰባ እጄን መልሼ አወርዳለሁ። ሌሎች ያወጡትን አላወርድም፤ የየራሳችሁ ነው። አንዳንዶቻችሁ የያዛችሁት አሳብ ትክክል ሊሆን ይችላል። ልጆቹ እሑድ 5 ለ 0 ተሸንፈው ቢመጡ «ጸሐፊው አላልኩህም?» ልትሉኝ ትችላላችሁ። ያን ቃል እኔ ቀድሜያችሁ ስለተናገርኩት ጣዕሙን አውቀዋለሁ።

ጋሸ ተነሥተዋል፤ እኔም እቀመጣለሁ። ጨዋታው በሚመጣው እሑድ ከሰዓት በኋላ በዘጠኝ ሰዓት ነው። ከብት ያላችሁ ሰዎች ከስምንት ሰዓት ጀምሮ ከሜዳው አውጡልን፤ ባለፈው የአንዱ ጥጃ ጎል አጠገብ ቆሞ ኳስ መልሶብናል። ልጄም ከሚስቱ ጋር እንደሚመጣ ልኮብኛል፤ ቦታ ይዤለታለሁ።